የጎሚስታው ሰላምታ

ባሌ ወጋየሁ ሰው ሰላም የሚለው በእጁ አንጓ ነው። ጎሚስታ ነዋ! መካኒሳ አቦ ከቤታችን ወረድ ብላ ባለችው ሱቁ ጎማ ሲነቅል፣ ሲለጥፍ፣ ባላንስ ሲሠራ ይውላል፤ መዳፉ የከሰል ጆንያ ነው የሚመስለው። ሰው ሲመጣበት ጣቶቹን አጥፎ አንጓውን ያቀርባል፣ ሰውም አንጓውን ይዞ ሰላም ብሎት ያልፋል። እጁ የቆሸሸ ሁሉ የሚያደርገው ነው፣ ነውር የለበትም። ነውሩ የኔ ሰውዬ እሁድ ታጥቦ፣ ነጠላውን ለብሶ ከቅዳሴ ሲወጣም አንጓውን መዘርጋቱ ነው። “አንተ ሰው፣ እጅህ ንጹሕ ነው እኮ” እለዋለሁ። ገልበጥ አድርጎ ያየዋል፣ “እውነትሽን ነው ትሩፋት” ይላል፣ ለሚቀጥለው ሰው ደግሞ እንደገና አንጓውን ይሰጣል። አመል ያወጣል ከመሐል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ከሱ ጋር ታክሲ መሳፈርም ቅጣት ነው። ሚኒባሱ ቀለበት መንገድ ላይ ፈጠን ሲል ወሬውን አቋርጦ እግሩን ወለሉ ላይ ይተክልና ያዳምጣል። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዘንበል ብሎ፣ “ወንድሜ፣ የፊት ግራህ ባላንስ ይፈልጋል” ይላል። ረዳቱ ይስቃል፣ ሾፌሩ ይቆጣል፣ እኔ የማላውቀው ሰው መስዬ በመስኮት አያለሁ። ባላንስ እንግዲህ እንዲህ ነው፦ ጎማው ማሽን ላይ ይሽከረከራል፣ የቀለለው ወገን ይታወቃል፣ እዚያ ጎማውን በያዘው ብረት፣ በቸርኬው ጠርዝ ላይ ጥፍር የምታክል የእርሳስ ብረት በመዶሻ ትመታለች። ያቺ እርሳስ ከሌለች መኪናው ቀስ ሲል ምንም አይልም፤ ሲፈጥን ግን መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ጎማውም ያለ ጊዜው ይበላል። ይሄን ሁሉ ወድጄ አይደለም የማውቀው። ራት ላይ ሌላ ወሬ የለንም።

ታዲያ አንዲት ልጃችን ጸደንያ ቢሊሱማ የሚባል የለቡ ልጅ ወደደች። ሽማግሌ ተላከ፣ እሺ ተባለ፣ ሁለቱ ቤተሰብ የሚተዋወቅበት ቀን ተቆረጠ። የልጁ አባት አቶ ቀጄላ ለቡ ላይ እንጨትና ቆርቆሮ የሚነግዱ፣ ክብራቸውን የሚወዱ ትልቅ ሰው ናቸው። በራችን ላይ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መጡ። የኔ ጉድ ሱፉን ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ አንጓውን አቀረበላቸው!

አቶ ቀጄላ አንጓውን አዩት፣ ከዚያ መዳፉን አዩት። ንጹሕ ነው። በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገውት ገቡ፤ ከዚያ ወዲያ ከተጠየቁት በቀር ቃል አልወጣቸውም። በማግስቱ ቢሊሱማ አንገቱን ደፍቶ መጣና፣ “አባዬ፣ ‘መዳፉን ነፈገኝ፤ ከናቀን በአፉ ይንገረን’ አለ” ብሎ ነገረን። ወጋየሁ ክው አለ። ሊያስረዳ ለቡ ድረስ ሄደ፣ “የሉም” አስባሉት። ሰርጉን ግን አልከለከሉም። “ሙሽራዋን በገዛ መኪናዬ ልወስዳት እመጣለሁ፤ እቤታቸው ግን እግሬ አይገባም” አሉ።

ልጄ ስታገባ የምትኖረው እሳቸው ግቢ ውስጥ ነው። “እማዬ፣ ሁለቱ አባቶቼ ተኳርፈው እዚያ ቤት ምን ብዬ ነው እንጀራ የምቆርሰው?” ብላ አለቀሰች። ያን ቀን ወጋየሁን ይዤ በአቦ አስማልኩት፦ የሰርጉ ዕለት ጎማ አይነካም፣ ለአቶ ቀጄላም ሙሉ መዳፉን ይሰጣል። ሳምንቱን ሙሉ እጁን በሎሚና በስኳር ፈተግኩት፣ በጥፍሮቹ መሐል በጥርስ ብሩሽ ገባሁ። “ቆዳዬን ጨረስሽው” እያለ እንደ ሕፃን ይነጫነጭ ነበር።

የሰርጉ ዕለት አጀቡ ጥሩምባውን እያንባረቀ መጣ። ሴቶቹ እንደ ደንቡ በሩን ይዘው ሙሽራውን አናስገባም አሉ። አቶ ቀጄላ ነጯን አሮጌ መርሴዲሳቸውን በአበባ አስጊጠው ከመሪው ኋላ ተቀምጠዋል፣ አልወረዱም። እኔ በጓሮ በኩል ወጋየሁን ገፋ ገፋ አድርጌ አወጣሁት። መዳፉን ዘርግቶ ወደ መኪናው ሄደ። አቶ ቀጄላም አዩት። መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ እውነቴን ነው፣ እጃቸውን ማውጣት ጀምረው ነበር።

ወጋየሁ ቁጢጥ አለ!

እጃቸው መስኮት ላይ ቀረ። እሱ የፊት ጎማው ሥር ተቀምጦ የሚያብረቀርቀውን ቸርኬ በጣቱ ይዳስሳል። ደሜ ፈላ። “አንተ ሰው፣ ተነስ!” አልኩት ጥርሴን ነክሼ።

“እርሳሷ የታለች?” አለ፣ እኔን ሳይሆን ሚዜዎቹን።

አንደኛው ሚዜ ኤልያቄም ፈገግ ብሎ፣ “ጋሼ፣ ያቺ ቆሻሻ የምትመስለው? ቸርኬውን ስንወለውል በካቻቢቴ ነቀልናት። የአራቱንም። አላማረም?” አለ።

ወጋየሁ ቀና ብሎ፣ “ኦቦ ቀጄላ፣ መሪው ይንቀጠቀጣል?” አላቸው።

አቶ ቀጄላ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ከለቡ እስከዚህ እጄን ሲያደነዝዘኝ ነው የመጣው። እርጅና መስሎኝ ለማንም አልተናገርኩም” አሉ።

“እርጅና አይደለም። ሚዜዎቹ ናቸው።” ተነሳ። “ከዚህ ለፎቶ ቢሾፍቱ ትወርዳላችሁ፣ በፈጣን መንገድ ነው የምትሄዱት። ልጆቻችን በዚህ አይሄዱም። ሱቄ እዚህ ናት፣ ይንዱልኝ” ብሎ ኮቱን አውልቆ እኔ ላይ ጣለው።

“ምለሃል!” አልኩት እጅጌውን ይዤ። “አቦን ምን ልትላቸው ነው?”

“አቦ ቸርኬውን ያዩታል” አለኝና መኪናው ውስጥ ገባ።

ሴቶቹን፣ “እኔ ሳልመለስ በሩን እንዳትለቁ!” ብዬ በሐበሻ ቀሚሴ ቁልቁል ተከተልኳቸው። ሱቁ ስደርስ መኪናው በክሪክ ተነስቶ፣ ቡሎኖቹ ተፈትተው፣ አንደኛው ጎማ ማሽኑ ላይ ይሽከረከራል። አቶ ቀጄላ ከመኪናው ወርደው ቆመዋል። የወጋየሁ ነጭ ሸሚዝ፣ ሳምንት የፈተግኩት እጅ፣ ሁሉም ገደል ገባ። ማልቀስ አማረኝ። ግን ጎንበስ ብሎ እርሳሷን በመዶሻ ሲመታ አየሁት፤ ደግሞ ያሽከረክራል፣ ደግሞ ያያል። በየቀኑ ለማያውቀው ሰው የሚያደርገውን ዛሬ ለልጁ እያደረገ ነው። ይሄን ሰውዬ እወደዋለሁ፣ ምን ይደረግ።

አራቱም አልቆ ሲገጠም፣ “እስቲ አስፋልቱ ላይ ፈጠን አድርገው ይሞክሩት፤ መሪውን ለቀቅ አድርገው ይያዙት” አላቸው። ሄደው ተመለሱ። ከመኪናው ወርደው ፊቱ ቆሙ።

“ዝም ብሏል” አሉ። ቀጥለውም፣ “ያን ቀን እጅህ ንጹሕ ነበር” አሉት።

“ነበር” አለ ወጋየሁ። “በእግዜር ስም ንቄ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ እጅ ሰው እንዳላቆሽሽ ስጠነቀቅ መዳፍ መስጠት ጠፋብኝ። ይቅር ይበሉኝ።” ይሄን ብሎ ጣቶቹን አጥፎ ምን ቢዘረጋ ጥሩ ነው? አንጓውን!

አቶ ቀጄላ አንጓውን በቀስታ ወደ ታች መለሱት። የታጠፉትን ጣቶች አንድ በአንድ ፈቱና ያን ጥቁር መዳፍ በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። እኔ ኮቱን አቅፌ አለቀስኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሴቶቹ ሚዜዎቹን ገና በር ላይ ያንገላቷቸዋል። አቶ ቀጄላ ከፊት ሆነው፣ “ክፈቱልኝ፣ እኔም ዘመድ ነኝ” አሉ። ወንድሜ በፍቃዱ ሊቀበላቸው እጁን ዘርግቶ ሲመጣ የገዛ እጃቸውን አዩት፤ ከመዳፍ እስከ ጣት ጥቁር ነው። ፈገግ ብለው ጣቶቻቸውን አጠፉና አንጓቸውን ሰጡት።

ጸደንያ በነጭ ቀሚሷ ጉልበት ልትስም ስትመጣ ሁለቱም፣ “አትንኪኝ፣ አቆሽሽሻለሁ!” እያሉ እጃቸውን ወደ ላይ ሰቀሉ። እሷ ግን የእጅ ነገር ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃለች። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ፣ ሁለቱንም በአንጓቸው ይዛ ወደ ቤት አስገባቻቸው።