«አይውጣ» ያልኩት ልቦለድ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አቶ ገብሬ መዝገብም ማኅተምም አልሰጡኝም። አንድ ልቦለድ አስጨበጡኝና «እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጪ፤ ስትጨርሺ ንገሪኝ» አሉኝ። ቤተ መጻሕፍታችን ሚዛን ተፈሪ ውስጥ አንድ የአንባቢዎች ማኅበር ያቋቋማት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበረች። እሳቸው ኃላፊ፣ እኔ ረዳት፤ ሌላ ሠራተኛ አልነበረም።

በማግስቱ ከሰዓት ጨረስኩት።

«እንዴት ነው?» አሉኝ።

«በጣም ጥሩ ነው፤ አልቅሻለሁ።»

«ገጽ አርባ ላይ ልጅቷ ምን ሆናለች?»

«አርግዛለች።»

«ገጽ ዘጠና ላይስ?»

ገለጥኩት። በታሪኩ ውስጥ ሦስት ወር እንኳ አላለፈም። ልጁ ግን ተወልዶ፣ አድጎ፣ ግቢ ውስጥ ዶሮ ያባርራል። ሳቅኩ። አቶ ገብሬ አልሳቁም። «እያለቀስሽ ስለነበር አላየሽም። እዚህ ቤት የተቀጠርሽው ለማየት ነው» አሉኝ።

ሥራችን እንዲህ ነበር። አዲስ መጻሕፍት በካርቶን ይመጣሉ። ከዝርዝሩ ጋር እናመሳክራለን፣ ቁጥር እንሰጣቸዋለን፣ ከጀርባቸው የካርድ ኪስ እንለጥፋለን። ማኅተም የምናሳርፈው በርዕሱ ገጽና በሃያ አንደኛው ገጽ ላይ ነው። ሃያ አንደኛው ለሌባ ነው፤ የርዕሱን ገጽ ቀዶ የሚሸጥ ሰው ሁለተኛ ማኅተም መኖሩን አያውቅም። ጡረታ ስለወጣሁ ነው ይህን የምናገረው።

ልቦለድ ሲሆን አንድ ነገር ይጨመራል። አንዳችን አንብበን ግማሽ ገጽ አስተያየት እንጽፋለን። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። ስለ ምንድን ነው? ለማን ይሆናል? መደርደሪያ ላይ ይውጣ ወይስ አይውጣ? «አይውጣ» የተባለ መጽሐፍ ከኃላፊው ጠረጴዛ ኋላ ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል።

አቶ ገብሬ ጡረታ ሲወጡ ኃላፊ ሆንኩ። ከዚያ በኋላ አስተያየቱን የምጽፈው እኔ፣ ማኅተም አሳርፌ የማጸድቀውም እኔ ሆንኩ። የእኔን ግማሽ ገጽ መልሶ የሚያጣራ ሰው አልነበረም።

በቅርብ ዓመታት የወጡትን ልቦለዶች እርሳስ በእጄ ይዤ ነው ያነበብኳቸው። የጀርባ ሽፋን ላይ ያለውን ሙገሳ አላምንም ነበር። አንዱ ደራሲ ሌላውን ያሞግሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ተሞጋሹ ውለታውን ይመልሳል። ስማቸውን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፌ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬ ነበር፤ ማን ለማን እንደሚመሰክር ለማወቅ።

አንድ ወፍራም ልቦለድ መጣ። ታሪኩ የሚፈጸመው በእኛው ቡና አገር ነው። ብዙ ሰው ወዶታል። ዋናው ገጸ ባሕርይ በሚያዝያ ወር ቀይ ቡና ሲለቀም ይደርሳል፤ ለቃሚዋን አይቶ ይወዳታል። በሚያዝያ ቡናችን ገና ያልጠና አረንጓዴ ፍሬ ነው። እኔ ያደግሁት ሸዋ ቤንች አቅራቢያ ቡና እየለቀምኩ ነው። እርሳሴን አንስቼ ጠርዙ ላይ «ምን ለቀመች?» ብዬ ጻፍኩ።

መጽሐፉን ሙስጠፋ ተዋሰው። ሙስጠፋ ቤተሰቡ ከጅማ በኩል የመጣ የኮረሪማ ነጋዴ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ሚዛኑ አጠገብ ሁልጊዜ የተገለጠ ልቦለድ አይጠፋም። ሲመልሰው «እትዬ አስቴር፣ ጽሕፈትሽን አየሁት» አለኝ። «ልክ ነሽ። እኔ ግን እወደዋለሁ።»

«ውሸት መሆኑን እያወቅህ?»

«የቡናው ውሸት ነው። የሰውየው ብቸኝነት ግን ውሸት አይደለም።»

አልተዋጠልኝም። ስለ ፍሬው የዋሸ ሰው ስለ ልብ እውነት ይናገራል ብዬ ማመን አልቻልኩም።

ከቡናው የባሰ የሚያንገበግበኝ ነገር ነበር። በእነዚህ ልቦለዶች ውስጥ የእኛ አገር ሰው አፉን የሚከፍተው ለማሳቅ ነው። ዘበኛው፣ ለቃሚው፣ መንገድ መሪው አማርኛውን ይሰባብራል፤ የመጣው እንግዳ ይስቃል፤ አንባቢም አብሮ እንዲስቅ ይጠበቃል። የእኔ የአፍ መፍቻ ቤንችኛ ነው። አማርኛ የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው፤ አንድ ቃል በተሳሳትኩ ቁጥር ክፍሉ ሲስቅ ትዝ ይለኛል። እንዲህ ያለ ገጽ ሲገጥመኝ ሦስተኛውን ጥያቄ ለመመለስ መጽሐፉን እስክጨርስ አልጠብቅም ነበር።

ሁሉንም ጠልቼ አልነበረም። ከአረብ አገር ስለተመለሰች ልጅ የሚያወራ አንድ ቀጭን ልቦለድ አለ። ቋንቋው ደረቅ ነው፤ መሐሉ ላይ ይንዛዛል። ነገር ግን ልጅቷ በገዛ እናቷ ቤት ሰው ሁሉ ሲበላ ቆማ ትቀራለች። «ተቀመጪ እንጂ» እስኪሏት ድረስ መቀመጥ እንዳለባት አታውቅም። የአክስቴ ልጅ ስትመለስ ልክ እንዲህ ስትሆን በዓይኔ አይቻለሁ። «ይውጣ፤ ሁለት ቅጂ ይጨመር» ብዬ ጻፍኩ። አንድን መጽሐፍ የማምነው እኔ ያየሁትን ሲነግረኝ ብቻ ነበር። ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚያስት ያኔ አልገባኝም።

ከማሻ የመጣው ልቦለድ እጄ የገባው በዚህ ዘመን ነው። ሦስት ቅጂ በፌስታል ተጠቅልሎ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ተላከልን። ሙገሳ የለው፣ የደራሲ ፎቶ የለው፤ ወረቀቱም ስስ ነው። ጸሐፊዋ ጽጌ የምትባል፣ ማሻ የምትሠራ ነርስ መሆኗን ሾፌሩ ነገረኝ።

ታሪኩ ስለ አንዲት ሴት ነው፤ ባሏ ቀፎ ከተሰቀለበት ዛፍ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰብሯል። የማሩ ወቅት ይደርሳል። ቀፎዎቹ ጫካ ውስጥ ረጃጅም ዛፍ ላይ ተሰቅለዋል። ሴትየዋ ገመዱን አንስታ ትወጣለች። በአንድ ቁጭታ አነበብኩት። ሽማግሌዎቹ ከዛፉ ሥር ቆመው ስሟን እንኳ ሳይጠሩ ስለ እርሷ የሚከራከሩበት ገጽ ላይ እርሳሴን አስቀምጬ እንደነበር ያወቅሁት ስጨርስ ነው።

ጥርጣሬዬ የተነሣው ከዚያ ነው። እንዲህ አድርጎ የያዘኝ መጽሐፍ አንድ ነገር ደብቆኛል ብዬ ወደ ኋላ ተመለስኩ። በእኛ አካባቢ ቀፎ የሚሰቅለውም ማር የሚያወርደውም ወንድ ነው። ሴት ስትወጣ አላየሁም፣ አልሰማሁም። ደግሞ አማርኛው! አንድ የተንጋደደ ዐረፍተ ነገር የለውም። እንዲህ ጻፍኩ፦ «ጸሐፊዋ የአካባቢውን ልማድ አታውቅም። ሴት ቀፎ ዛፍ አትወጣም። ሥራው በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ይመስላል። አይውጣ።»

ሙስጠፋ አዲስ ነገር ፍለጋ ሲመጣ ጠረጴዛዬ ላይ አይቶ አነበበው።

«ማሻ ሄደሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አላውቅም። ጫካ ግን ያው ጫካ ነው።»

«የሚያዝያውን ቡና የጻፈው ሰውዬም እንዲሁ ነበር ያሰበው» አለና ወጣ። ሦስቱን ቅጂ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩባቸው።

ነገሩ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ አልቀረም። ቴፒ ያሉ መምህራን የንባብ ክበብ ነበራቸው፤ በየወሩ አንድ ልቦለድ መርጠው ይወያያሉ፣ ደራሲውንም ይጋብዛሉ። የእኔን አስተያየት ቅጂ እየወሰዱ ነበር የሚመርጡት። ጽጌን ለመጋበዝ አስበው ኖሮ፣ ግማሽ ገጼን ሲያነቡ ተዉት። ይህን እኔ አላወቅሁም።

ያወቅሁት ጽጌ ራሷ ስትመጣ ነው። ክረምት ነበር፤ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድባል። አንዲት ወጣት ሴትና አንዲት ጠና ያሉ እናት ጃንጥላቸውን በር ላይ አራግፈው ገቡ።

«ወይዘሮ አስቴር እርስዎ ነዎት?» አለች ወጣቷ። «ጽጌ እባላለሁ። እሷ እናቴ ናት፣ ወይዘሮ አልማዝ። ስለ መጽሐፌ የጻፉትን ማየት እፈልጋለሁ።»

ፋይሉን አውጥቼ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። ለእናቷ በቋንቋቸው ተርጉማ ነገረቻቸው። እናትየው ሰምተው ሲጨርሱ አማርኛን እየፈለጉ «ሴት አትወጣም አልሽ?» አሉኝ።

«አይቼ ስለማላውቅ ነው።»

«አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። እዚያም ዛፉ ሥር ቆመው አትወጣም ብለውኛል። ሰውዬው አልጋ ላይ ነው። ማሩ ዛፍ ላይ ነው። ልጆቹ አምስት ናቸው። ማን ይውጣ?»

ቁጣ አይታይባቸውም ነበር። መጽሐፉን እንዳወጣ ጠየቁኝ፤ ቁልፉን አመጣሁ። ልጃቸው አንድ ገጽ ገልጣ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም ማንበብ ባይችሉም ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አደረጉ።

«ልጄ እዚህ ጋ ተሳስታለች» አሉኝ። «ገመዱን በእጄ ይዤ እንደወጣሁ ጽፋለች። በእጅ ገመድ ተይዞ ዛፍ ይወጣል? ሁለቱም እጅ ለዛፉ ነው። ጫፉን ወገቤ ላይ አስሬ ነው የምወጣው። ላይ ስደርስ ሌላው ጫፍ ላይ የታሰረውን የማር ማውረጃ ዕቃ እስበዋለሁ። ይህን ለምን አላየሽም?»

ጽጌ አንገቷን ደፋች። «ነግራኛለች፤ ረስቼው ነው» አለች። እኔ መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስህተት ፍለጋ ነው ያነበብኩት። መጽሐፉ ውስጥ የነበረው አንድ ስህተት ግን አልፎኝ ሄዷል።

«የቀፎውስ ይሁን» አለች ጽጌ። «ሁለተኛው ነው የጎዳኝ። በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ይመስላል ያሉት። መምህራኑ ለአንዱ፣ አንዱ ለሌላው ነግሮ ሥራ ቦታዬ ድረስ ደርሷል። ታካሚ እያከምኩ ‹ማን ጻፈልሽ?› የሚለኝ ሰው አለ። ከምን ተነስተው ነው እንዲህ የጻፉት?»

መዋሸት እችል ነበር። «አማርኛው ጥሩ ስለነበር» አልኳት።

ጽጌ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «የእርስዎ የአፍ መፍቻ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ቤንችኛ።»

«እርስዎስ ይህንን ማን ጻፈልዎት?» አለችና ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

እነዚያን የሚያስቁብን ልቦለዶች ስጠላ የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚያች ሰዓት ግን እነሱ ያደረጉትን እኔ ራሴ አድርጌው ተገኘሁ፤ ያውም በማኅተም። ይቅርታ ጠየቅኋት። «እሺ» አለች። በአክብሮት ነው ያለችው፤ ይቅር ብላኝ ግን አልነበረም። እናትየው ሲወጡ እጄን ጨበጡኝ። መዳፋቸው ሻካራ ነበር፣ ብርቱም ነበር።

በዚያው ሳምንት ሁለተኛ አስተያየት ጻፍኩ። የመጀመሪያውን አልቀደድኩትም፤ ሁለቱን በስቴፕለር አያያዝኳቸው። አዲሱ ላይ የተሳሳትኩትን በቁጥር አንድ፣ ሁለት ብዬ ዘረዘርኩ። የገመዱንም ነገር ጨመርኩ፤ እናትየው ስለነገሩኝ፣ እውነትም ስለሆነ። ሦስቱን ቅጂ መደርደሪያ ላይ አወጣሁ። የመጀመሪያውን ቅጂ ሙስጠፋ ወሰደው።

ቴፒ በሚኒባስ ሄድኩ። መምህራኑ ተሰብስበው ሳለ ሁለቱንም ወረቀት ቆሜ አነበብኩላቸው። አንዱ መምህር «ታዲያ ከዚህ በኋላ አስተያየትሽን እንዴት እንመን?» አለኝ። «ብቻውን አትመኑት፤ መጽሐፉን ራሳችሁ አንብቡ» አልኩት። በተከታዩ ዓመት ጽጌን ጋበዟት። ሄደች፤ እናቷንም ይዛ ሄደች። እኔን አልጠሩኝም፤ መጥራትም አልነበረባቸውም።

ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አሁን የሚወጡትን ልቦለዶች ለራሴ ነው የማነበው። የጀርባ ሽፋን ሙገሳን አሁንም አላምንም። ጽጌ ሁለተኛ መጽሐፍ እንደጀመረች ሾፌሩ ነግሮኝ ነበር፤ እስካሁን አልወጣም። በእኔ ምክንያት ዘግይቶ ይሁን በሥራዋ፣ አላውቅም፤ የመጠየቅም ድፍረት የለኝም።

በእኔ ወንበር ለተቀመጣችሁ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። የምታነቡትን ጠርጥሩ፤ ሥራው ይጠይቃል። ነገር ግን ከሚዛን ማሻ የአንድ ቀን መንገድ ነው። እኔ ከመጻፌ በፊት ሄጄ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም።