በርበሬ ውስጥ የገባ ስድስት ነው

ቅዳሜ፣ ወልቂጤ፣ ጎህ ሲቀድ

ሾፌራችን ታደለ የክሪኬት መምቻዎቹን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ እያሰረ፣ "ወንድሜ፣ ይሄ ዳቦ ከምድጃ ማውጫ ነው እንዴ?" አለ። ዳርጌ አልተቀየመም። አልጋና ቁምሳጥን የሚሠራ አናጺ ነው፤ መምቻዎቹንም የጠረባቸው እሱ ራሱ ነው። ከቁምሳጥኖቹ ይልቅ መምቻዎቹ እንደሚያምሩ ደንበኞቹ ሳይቀሩ ያማርራሉ።

ክሪኬት ስለሚባለው፣ የተወረወረች ኳስ በጠፍጣፋ እንጨት ስለምትመታበት የእንግሊዞች ጨዋታ ወልቂጤ ወሬ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ መከራውን የሚያየው ግን ዳርጌ ነው። መምህራንን፣ መካኒኮችንና አንድ የመዘምራን አባል ለምኖ ቡድን አቆመ። ቡድኑ ተጋጣሚ ስለሌለው ለሁለት እየተከፈለ እርስ በርሱ ሲጫወት ከረመ። በመጨረሻ መካኒኩ ደሳለኝ፣ "ተጋጣሚ ካላመጣህ ወደ እግር ኳሳችን እንመለሳለን" አለው። ዳርጌም በማግስቱ፣ "ቡታጅራዎች ጋብዘውናል!" ብሎ ብቅ አለ። ዛሬ ካልተጫወትን የወልቂጤ ክሪኬት አበቃለት። መምቻዎቹ የአልጋ ርብራብ እንደሚሆኑ ባለቤቱ ቁርጡን ነግራዋለች።

አገና፣ ቁርስ

በጉብሬ አድርገን ሽቅብ ወጣን። መንገዱ ግራና ቀኝ እንሰት ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። አገና ላይ ቆጮ በአይብ በላን። ሻይ ከወልቂጤ ለምን እንደተወደደ ብጠይቅ የሻይ ቤቱ ባለቤት፣ "እዚህ ብርድ አለ፣ ቶሎ ነው የሚጠጣው" አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ሳይገባኝ ከፈልኩ።

ሻዩን እየጠጣን ታሪክ አመጣሁ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የኒውዮርክ ክሪኬተኞች አንድ ሰው ጋብዟቸው፣ ያን ሁሉ መንገድ ተንገላተው ካናዳ፣ ቶሮንቶ ደረሱ። የቶሮንቶ ሰዎች ደግሞ ስለ ግብዣው የሚያውቁት ነገር የለም። ጋባዡ አታላይ ነበር። ቢሆንም እንግዳ መመለስ አፍረው፣ ተሯሩጠው ቡድን ሰበሰቡና ተጫወቱ። በሁለት አገሮች መካከል ለተደረገው የመጀመሪያ ግጥሚያ በር የከፈተው ያ ውሸት ነው።

ታደለ ጥርሱን እየፋቀ፣ "እናንተንስ ማን ነው የጋበዛችሁ?" አለ።

ዳርጌን ሻይ አነቀው።

ቡታጅራ፣ ረፋድ

ሜዳው ግማሹ ቀይ ነው። ከቆሼ የመጣ የማረቆ በርበሬ ተሰጥቶበታል። አጠገቡ አንድ ሽማግሌ በጃንጥላ ጥላ ሥር ተቀምጠው ዶሮ ያባርራሉ። ጋሼ ሸምሱ ይባላሉ፤ የበርበሬው ባለቤት ናቸው።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሼ" አለ ዳርጌ።

"ወአለይኩም ሰላም። ምን ጠፋባችሁ?"

"ለግጥሚያው ነው የመጣነው።"

"የምን ግጥሚያ?"

ሁላችንም ወደ ዳርጌ ዞርን። ታደለ ከመሪው ላይ ሆኖ፣ "ቶሮንቶ ገባን!" ብሎ ጮኸ።

ጋሼ ሸምሱ ግን ሌላ አልጠየቁም። ያልበላ እንግዳ ጉዳዩን አይጠየቅም። ቤታቸው ደወሉ፤ ቆጮ፣ ጎመንና አይብ መጣ። "ሥጋ እንዳላቀርብ የኔን እናንተ አትበሉም፣ የናንተን እኔ አላርድም። ጎመን ሃይማኖት የለውም፣ ብሉ" አሉ። እጃችንን ስንታጠብ ነው፣ "እህ፣ አሁን ተናገሩ። ማን ጋበዛችሁ?" ያሉት።

ዳርጌ መሬት መሬት እያየ፣ "እኔው ነኝ" አለ። ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። "ይሄ ሰውዬ የቶሮንቶን ታሪክ ቀደም ብሎ ነግሮኝ ነበር። ካናዳዎች እንኳ አፍረው ከተጫወቱ፣ የቡታጅራ ሰው እንግዳ አይመልስም ብዬ ነው።"

ደሳለኝ መምቻ አነሳ፤ ለጨዋታ አልነበረም። ጋሼ ሸምሱ ግን ጋቢያቸው እስኪወድቅ ሳቁ። "ወላሂ፣ እንግዳማ ከነአምሮቱ አይሸኝም!" ብለው ስልካቸውን አነሱ። ወዲያው ልብስ ሰፊው፣ ተሸካሚዎቹና ሁለት የእህታቸው ልጆች ከገበያ ደረሱ።

"በርበሬው አይነሳም" አሉ ጋሼ ሸምሱ። ዳርጌ ከደስታው ብዛት በርበሬውን የሜዳው ወሰን አደረገው፤ ኳሷን መትቶ በርበሬው ላይ ያሳረፈ ስድስት ነጥብ ያገኛል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብናውቅ አፉን በያዝነው ነበር።

እኛ አሳምረን መታን። እነሱ እንደ ውቂያ መቱ። በመጨረሻ ጋሼ ሸምሱ ሽርጣቸውን ሸብ አድርገው ገቡ። በርበሬያቸው የት እንዳለ ከሳቸው የበለጠ ማን ያውቃል? ኳስ በመጣ ቁጥር ወደዚያው ነው። ኳስ ፍለጋ የገባው ሁሉ እያነጠሰ ወጣ። ኳስ ወርዋሪያችን በእንባ ታውሮ ለታደለ ሚኒባስ ወረወረ። ተሸነፍን።

ዳርጌ ያለቅሳል። "በርበሬው ነው" አለኝ። ነፋሱ ግን ወደ ሌላው ወገን ነበር የሚነፍሰው።

መመለሻ

ሚኒባስ ውስጥ ደሳለኝ ዓይኑን እያሸ፣ "ልምምድ መቼ ነው?" ሲል ጠየቀ። ስለ እግር ኳስ ያነሳ የለም። ጋሼ ሸምሱ የተረገጠውን በርበሬ በከረጢት ሸልመውን በሩን ሊዘጉልን ሲሉ ዳርጌ ጎንበስ አለ።

"ጋሼ፣ እናንተስ ወልቂጤ መቼ ትመጣላችሁ? እንድንዘጋጅ ቀኑን ይንገሩን።"

"ምነው ልጄ፣ አንተ ነግረኸኝ ነው የመጣኸው?" ብለው በሩን ዘጉት።

አገና ስንደርስ ዳርጌ ስልኩን አውጥቶ ለባለቤቱ ደወለ። ስልኩ ስለሚጮህ ሁላችንም ሰማን።

"ጎመን ግዢ።"

"ለስንት ሰው?"

"ለአሥራ አንድ።"

"መቼ ነው የሚመጡት?"

"እኔ እንጃ" አለ ዳርጌ፣ "ብቻ ከቤት ጎመን አይጥፋ።"