ባጃጅ ውስጥ የሰማሁት መርዶ

ነገሩ የሆነው ያለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። መርዶ እንዲህ ባለ መንገድ የደረሰው ሌላ ሰው ይኖር ይሆን እያልኩ ዛሬም አስባለሁ።

አሰላ ውስጥ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይኖቼ አያዩም። ስልኬ ላይ የሚገባውን ጽሑፍ ስክሪን ሪደር የሚባል ፕሮግራም ጮክ ብሎ ያነብልኛል። ሰው መሀል ስሆን በጆሮ ማዳመጫ ነበር የምሰማው፤ ያን ሰሞን ግን ተበላሽቶብኝ ነበር።

ጠዋት ወደ ሥራ ለመሄድ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ከጎኔ አንዲት ሴት ነበረች። መንገድ ላይ ከእህቴ መልእክት ገባልኝ። እህቴ ጮሌ ከተማ ከእናታችን ጋር ነው የምትኖረው። እናቴ ታማ ስለነበር ቸኩዬ ከፈትኩት።

«ጋሼ፣ እማዬ አረፈች። ለሙሉጌታ በስልክ እንዳይነግሩት። ሰው ይዘው ይሂዱና ቀስ ብለው ያርዱት።»

ሙሉጌታ እኔ ነኝ። መልእክቱ የተጻፈው አሰላ ለሚኖሩት ለአባቴ ወንድም ነበር፤ እህቴ በድንጋጤ ለእኔ ልካዋለች። ስልኩም የባንክ መልእክት በሚያነብበት በዚያው ድምፅ አነበበልኝ። ጣቴ ሳላስበው ነክቶት እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

ሴትየዋ ስልኩን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችው።

«እናትህ ናቸው?» አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

«አላህ ሰብሩን ይስጥህ፣ ወንድሜ።»

ለሹፌሩ በኦሮምኛ አቁም አለችው። ሞተሩን አጠፋ። አልቅሼ እስኪወጣልኝ ድረስ ሁለቱም ጠበቁኝ።

«እዚህ ዘመድ አለህ?» አለች በኋላ። የአጎቴን ሰፈር ነገርኳት። እሳቸውም ገና እንዳልሰሙ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ሽማግሌ ናቸው፤ እናቴን እንደ እህታቸው ነበር የሚያዩዋት።

በራቸው ላይ ስንደርስ ሴትየዋ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ «መጀመሪያ አስቀምጣቸው» አለችኝ።

አጎቴ እየሳቁ ወጡ። «ምነው፣ ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?»

«ጋሼ፣ እስቲ ቁጭ ይበሉ» አልኳቸው። ድምፄን ሲሰሙ ገባቸው። እኔን ሊያረዱኝ ይገባቸው የነበሩትን ሰው እኔው አረዳኋቸው።

ካለቀሱ በኋላ እጄን ይዘው፣ «ለመሆኑ ለአንተ ማን ነገረህ?» አሉኝ።

«ስልኬ» አልኳቸው።

እህቴ እስካሁን ይቅር በለኝ ትለኛለች። እሷን ተቀይሜ አላውቅም። የሚቆጨኝ ያችን ሴት ሳላመሰግን መቅረቴ ነው፤ ጎረቤት ሲሰበሰብ ሄዳለች። ስሟን አልጠየቅኳትም። የማውቀው ድምፅዋን ብቻ ስለሆነ፣ ባጃጅ ውስጥ ሴት ባወራች ቁጥር ጆሮዬን እሰጣለሁ። እስካሁን አላገኘኋትም።