ጭስ ያጣችው ቤተልሔም

በገና ዋዜማ ከቤተ ክርስቲያን ጓሮ የትኩስ ኅብስት ሽታ ሲመጣ ያደግኩባት ስማዳ ትዝ ትለኛለች። በጃንሆይ ዘመን፣ ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ የነፍስ አባታችን ደጃችን ቆመው እናቴን፣ «ዘንድሮ ከቤተልሔም ጭስ አይወጣም፤ የመገበሪያ ስንዴ አጣን» አሏት።

ኅብስቱ የሚጋገርባት ጎጆ ቤተልሔም እንደምትባል አላውቅም ነበር።

«ታዲያ ጌታ የት ሊወለድ ነው?» አልኩ።

እናቴ ገብታ ለዘር ያስቀመጠችውን ስንዴ ይዛ ወጣች።

«የዘር አይደለም እንዴ፣ ልጄ? ልጆቹሳ?» አሉ ቄሱ።

«መጀመሪያ እሱ ይወለድ፣ አባቴ።»

ከበሮው ተመታ፤ ጌታ ተወለደ። በክረምቱ መሬታችን ጦም አደረ። የሚቀጥለውን ገና ታናሽ ወንድሜ አላየውም።

ዛሬም ያ ሽታ ሲደርሰኝ ከበር እሳለማለሁ እንጂ አልገባም።