ቀይ ቡና የተሰጣበት ግንባር

ትናንት ጠዋት ልጄ መስታወት ፊት ቆማ ግንባሯን በስልኳ መብራት ስታስስ አገኘኋት። ሁለት ብጉር ወጣብኝ ብላ ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። "እማ፣ ብጉርን የሚያመጣው ምንድን ነው?" ስትለኝ፣ እንደ ልማዴ "እናትን አለመታዘዝ" ብዬ ላልፍ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እኔ በእሷ ዕድሜ በዚህ ጥያቄ ሞቼ ተነስቻለሁ። ማጋነን እንደምወድ የሚያውቁኝ ይሳቁ፤ ይህኛው ግን ብዙም አልተጋነነም።

የሚሌኒየሙ ወሬ ከመጀመሩ በፊት በነበረ አንድ ክረምት ነው፣ እዚሁ ቦንጋ። እኛ ዘንድ ዝናብ አንዴ ከጀመረ ማቆም እንዳለበት ይረሳል፤ የዚያን ዓመትማ በር ላይ ያወለቅነው ጫማ ሥር ሳይሰድ አልቀረም። እኔ ለመስቀል ጸጉሬ ወገቤ እንዲደርስ ቆርጬ ተነስቼ ነበር። እማዬ ከቢታ ገነት ገበያ ያስመጣችውን ቅቤ አናቴ ላይ ትለስንልኛለች፤ እኔ ደግሞ ሙቀት ጸጉር ያሳድጋል ብዬ ጭንቅላቴን በፌስታል እጠቀልልና በላዩ ሻሽ አስሬ እውላለሁ፣ አድራለሁ። ጸጉሬ አላደገም። ያደገው ግንባሬ ነው።

መጀመሪያ እዚህም እዚያም፣ ኋላ ከጆሮ እስከ ጆሮ ብጉር ሞላው። ቧንቧ ላይ ውኃ ስንቀዳ አንዷ ጓደኛዬ፣ "ምነው፣ ግንባርሽ ላይ ቀይ ቡና አሰጣሽ እንዴ? ዝናብ ሳይመታው ሰብስቢው" አለችኝ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ የወንድ ሐሳብ ነው አሉ። ሌላዋ ማር ነው አለች፣ ሌላዋ ኦቾሎኒ። ማሩንም ኦቾሎኒውንም ተውኩ፤ የወንድ ሐሳቡን ግን ገና አልጀመርኩትም ነበርና ምኑን ልተወው?

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነበር። አንድ ቀን ለዕረፍት የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በቀበሌው አዳራሽ ስለ ኤድስ ሲያስተምሩ ሄድኩ። ከምልክቶቹ አንዱ በቆዳ ላይ የሚወጣና የማይለቅ ሽፍታ ነው ተባለ። ቀጥሎ፣ በጋራ በተጠቀሙበት መርፌም ይተላለፋል ተባለ። እጄ ወደ ጆሮዬ ሄደ። ለፋሲካ ዋጫ ከተማ አክስቴ ዘንድ ሄጄ ጆሮዬን ስበሳ፣ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ የተበሱት በዚያው በአንዱ መርፌ ነበር።

የዚያን ጊዜውን ፍርሃት ለዛሬ ልጅ ማስረዳት ይከብዳል። ሰፈራችን አንድ ታማሚ ነበር፤ የጠጣበትን ብርጭቆ ሰዎች በእንጨት እየገፉ ጉድጓድ ሲጥሉት በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ለማንም ሳልናገር ኩባያዬን ምስማር ላይ ለብቻው ሰቀልኩ። አብራኝ ከምትተኛው ታናሽ እህቴ ሸሽቼ መሬት ላይ ሰሌን አነጠፍኩ። ለምን ብትለኝ "ሞቆኝ" አልኳት፤ በቦንጋ ክረምት! ሌሊት ሌሊት ትንፋሼ ወደ እሷ እንዳይሄድ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

አንድ ምሽት ቆጮ በጎመን ቀርቦ ድርሻዬን ቆርሼ ጥግ ስይዝ እማዬ አየችኝ።

"ተጸየፍሽን እንዴ?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ምን ሆነሻል?"

"እማዬ፣ ያ በሽታ ይዞኛል መሰለኝ።"

ስለ ሽፍታውም ስለ መርፌውም ነገርኳት። እማዬ ስትደነግጥ ከአማርኛው ወጥታ ወደ ካፊኖኖ ትገባለች፤ ያን ምሽት ሁለቱም ቋንቋ ጠፋባት። ተነሳች። ኩባያዬን ከምስማሩ አወረደች፤ ሳታጥበው ውኃ ቀድታበት እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

"ነገ ጠዋት እንመረመራለን" አለች ስትቀመጥ። "አሁን ተጠግተሽ ብዪ።"

በማግስቱ ጭቃውን እየተንሸራተትን ጤና ጣቢያ ደረስን። ደም ሰጥቼ አግዳሚ ወንበር ላይ ስንጠብቅ እማዬ እጄን ይዛዋለች። እኔ የራሴን ቀብር ጨርሼ ሠልስት ላይ ደርሼ ነበር። ለመስቀል የተገዛልኝን ቀሚስ ለእህቴ አወረስኳት፤ እንደሚሰፋት ሳስብ ለእሷም አለቀስኩላት።

ሲስተሯ ጠርታ ከደሜ ምንም እንዳልተገኘ ስትነግረን እማዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እኔ አላመንኩም። "ታዲያ ይህ ምንድን ነው?" ብዬ ግንባሬን አሳየኋት። ሲስተሯ በጣቷ ነካ አድርጋ ጣቷን አየችው፤ ያብለጨልጫል። ሻሼን ፈታች፤ ፌስታሉ ተንኮሻኮሸ።

"በዚህ ዕድሜ ቆዳው ራሱ ቅባት ያመነጫል" አለች ሳቋን ይዛ። "አንቺ ደግሞ በላዩ ኪሎ ቅቤ ጫንሽበት። ቀዳዳው ሲደፈን የት ይሂድ?" ፌስታሉን ጣይው፣ ፊትሽን በሳሙና ታጠቢ፣ አታፍርጪው ብላ ሸኘችን። እማዬ መንገዱን ሙሉ ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ አልለየሁም፤ ዝናብ ነበራ።

ይህን ሁሉ ስተርክላት ልጄ ፌስታሉ ላይ ስደርስ በሳቅ ወደቀች። ሳቋ ሲበርድ ግን፣ "ለአያቴ ለምን ወዲያው አልነገርሻትም?" አለችኝ።

"ፈርቼ።"

"መሞትን?"

አዎ ማለት ይቀል ነበር። ግን በዚያ ዕድሜ ሞት እንኳን በምናብ ያምራል፤ አልቃሾቼን ሳይቀር መርጬ ነበር። የፈራሁት፣ አፌን ስከፍት እማዬ አንዲት እርምጃ ወደ ኋላ እንዳትል ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ፈርቻለሁ፤ እንደዚያ አድርጌ ግን ፈርቼ አላውቅም።