የቬንትሌተሩ ሽቦ

"ይሄ ቆሻሻ አዲሱ ቤቴ አይገባም ብያለሁ" አለች እናቴ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ሽቦውን ከእጄ ለመንጠቅ እየሳበች።

"አንቺ ቤት ማን ይምጣ አለሽ? እኔ ነኝ የምወስደው።"

"የት? መኪናሽ ውስጥ? በይ ግጥም ጻፊበት። ወይ ለአባትሽ ውሰጂለት፤ እዚያ ኩን ራፒድስ ቤቱ ብቻውን ቁጭ ብሎ ይየው።"

ሁለታችንም አልለቀቅንም። የምንጓተትበት ነገር ከአንድ ከተጣለ ቬንትሌተር የፊትና የኋላ ሽቦ ተጋጥሞ የተሠራ፣ እንደ ኳስ የተድቦለቦለ የአበባ ማስቀመጫ ነበር። በካርቶን በተሞላው ሳሎን ምንጣፍ ላይ ደረቅ አፈር ዘረገፈ፤ የዛገ ብረትና የአሮጌ አፈር ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ለክፉ ንግግር የተከፈተው አፌ እንደተከፈተ ቀረና ተመልሼ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ያኔ የምንኖርበት ሰፈር፣ ፍሮግታውን፣ አቧራ ነበር። ዋናው መንገድ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ለባቡሩ ሐዲድ ተቆፍሮ፣ መስኮት በከፈትን ቁጥር መንገዱ ቤታችን ይገባ ነበር። አባቴ ፕሊማውዝ ከተማ አንድ የልብስ ማጠቢያ ውስጥ ይሠራ ስለነበር የተጣመሙ የሽቦ መስቀያዎችን በብብቱ ሸጉጦ ያመጣል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሂተሩ አጠገብ ተቀምጦ በፒንሳ እያጠማዘዘ ቅርጫት ያደርጋቸዋል። እግሩ የተሰበረው የሰሃን ማድረቂያ ላይ ጤና አዳም በቀለ፤ የድንች መጥበሻው ወንፊት ሬት ታቀፈ። ሁሉም ከጣራው ይንጠለጠል ስለነበር፣ ሊጠይቀን የሚመጣ ሰው ቤታችን የሚገባው እንደ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ጎንበስ ብሎ ነው። እናቴ "ውቅያኖስ የተሻገርኩት የዶሮ ቆጥ ውስጥ ልኖር ነው?" እያለች ትነጫነጭና፣ እሱ ሥራ ሲሄድ አንድ በአንድ ውሃ ታጠጣቸዋለች።

የቬንትሌተሩ ከሁሉም ትልቁ ነበር፤ ከሁሉም አስቸጋሪውም እሱ ነበር። አፈሩ በሽቦው መሃል እየሾለከ ሶፋው ላይ ይፈሳል። አባቴ ጋዜጣ ቢያነጥፍለት ውሃ ሲነካው ሟሟ። "ጨርቅ ነው የሚያስፈልገው" ብሎ ሥራ ሄደ። እኔም ሲመጣ ላስደስተው ብዬ ጨርቅ ፍለጋ ወጣሁ፤ ማለትም ወንበር ላይ። ከቁም ሳጥኑ አናት ሦስት ጊዜ የተቋጠረ ፌስታል አገኘሁ፤ ውስጡ ነጠላ፣ አንገቱ ጋ የወየበ፣ የቅባት እድፍ ያለበት። ነጠላ ማለት እናቴ እሑድ የምትለብሰው ወተት የመሰለ ነገር ነው ብዬ የማምን ልጅ ስለነበርኩ፣ ይሄኛው መወልወያ መሰለኝ። በትምህርት ቤት መቀሴ አራት ቦታ ቆራረጥኩት።

የአያቴ ነበር። አያቴ አዲስ አበባ ስትሞት እናቴ የመኖሪያ ወረቀቷ አላለቀም ነበርና መሄድ አልቻለችም። "የለበሰችውን ነጠላ ላኩልኝ፤ አደራ እንዳታጥቡት" ብላ አስልካ፣ ሰው ይዞላት መጣ። ሲከፋት ቋጠሮውን ትፈታና አፍንጫዋን ቀብራበት፣ መልሳ ትቋጥረዋለች። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው።

የዚያን ቀን ከሥራ ስትመለስ አፈሩ ተሞልቶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ በሽቦው ቀዳዳዎች ጥለቱ ብቅ ብሎ ነበር። ቀድሟት የገባው አባቴ ፊቷን አየ፤ እኔን አየ። "እኔ ነኝ የቆረጥኩት" አለ። መቀሱ ኪሴ ውስጥ ጭኔን እየወጋኝ ዝም አልኩ። ጨርቁን ሊያወጣላት እጁን ሲሰድ "ተወው፤ አንዴ አፈር ለብሷል" ብላ መኝታ ቤት ገባች።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ክረምት በእኔ በኩል ተነጋገሩ። "አባትሽን ሂተሩን ቀንስ በዪው"፣ "እናትሽን አልቀንስም በያት"፤ እኔም ለሁለቱም በእንግሊዝኛ እየመለስኩ። በሦስተኛው ክረምት ሁለት ሻንጣ ይዞ ሄደ። ሽቦዎቹን ትቷቸው ነበር። የሞተው ተክል ሲጣል፣ ሽቦውም አብሮ ሲጣል፣ በመጨረሻ ይሄ አንዱ ብቻ ቀረ።

"ልቀቂ እኮ ነው የምልሽ" አለች እናቴ።

"እኔ ነኝ የቆረጥኩት" አልኳት። "አባባ አይደለም።"

ለቀቀችው። ወደ ኋላ ተንገዳግጄ ካርቶኖቹ ላይ ተቀመጥኩ።

"አውቃለሁ" አለች። "ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ነበር። ያን መቀስ የገዛሁልሽ እኔ አይደለሁም?"

"ታዲያ ለምን አባባን…"

"ሁለት ዓመት ጠበቅሁት፣ እውነቱን እንዲነግረኝ። አንቺን ደግሞ እስከ ዛሬ። ያን ቀን መጥተሽ ብታለቅሺ ኖሮ አብሬሽ አለቅስ ነበር፤ ልጅ ነበርሽ። እናንተ ግን ተጠቃቅሳችሁ እኔን ሞኝ አደረጋችሁኝ። በእናቴ ነጠላ።"

ነጠላው አንድ ነበር፤ እሱን ተከትሎ ግን አባቴ ከቤት ወጥቷል፣ የቅዳሜው የፒንሳ ድምፅ ቀርቷል፣ እናቴም በገዛ ቤቷ ሁለት ውሸታም ስትቀልብ ኖራለች። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት በእሷ ስፈርድ።

ጎንበስ አለችና ጣቷን በሽቦው መሃል አሾልካ፣ ሥር አንቆ የያዘውን የጣት ቁመት የምታህል ብጣሽ ጎትታ አወጣች። አሸተተችው። ከፊቷ እንደገባኝ፣ የሸተታት አፈር ብቻ ነው። ቢሆንም የሥራ ልብሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

"የሥራ ሽፍቴ ደርሷል" አለች ካፖርቷን እየደረበች። "ውሰጂው ሽቦውን። ድሮም ያንቺ ነበር።"

ወጣች። ውስጥ ሰው የተኛ ይመስል በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።