አባቴ ለእንግዳ ያሸከመው መስታወት

ሮቤ የምትኖረው ልጄ ሰሞኑን መስታወት ገዛች። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል፤ አናቱ ቅስት ነው፤ ዙሪያውን ቀጭን ጥቁር ብረት ይዞታል። አሁን በየሱቁ የሚፈለገው እሱ ነው አሉ። ጎረምሶች በጋሪ አምጥተው ሳሎኑ መሀል አቁመውላት ሄዱ። ከዚያ በኋላ ልጄ ስልኳን ይዛ፣ ሰው ሁሉ የት እንዳስቀመጠው እያየች፣ አንዴ ከሶፋው ጀርባ፣ አንዴ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ እየገፋችው ዋለች።

«መስኮቱን እንዲያይ አድርጊው፣ ቤትሽ ይበራልሻል» አልኳት።

«እማዬ ደግሞ! የገባ ሰው እንዲያየው እኮ ነው የገዛሁት» አለችኝና በሩ ፊት ለፊት አቆመችው።

ደሜ ፈላ። ልጄ ምን እንዳስቆጣኝ አልገባትም፤ በእርጅና አሳበበችው መሰለኝ፣ ሻይ ቀዳችልኝ። የገባ ሰው እንዲያየው! ይህችኑ ቃል ከአባቴ አፍ የሰማኋት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ጎባ ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ አልወጣችልኝም።

ጎባ በዚያ በጃንሆይ ዘመን የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ሹም ይበዛባታል፤ ሹም በበዛበት ጸሐፊም ይበዛል። አባቴ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነበር። ቤታችን የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሲሆን ለሳሎኑ ያለችው መስኮት አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም ብርድ እንዳታስገባ ተብላ እንደ ነገሩ የተከፈተች። ክረምት ሲሆን ጉሙ ከሳነቴ ተራራ ወርዶ ደጃችን ላይ ይተኛል። ቤት ውስጥ በቀትር እንኳ ሰው ከሰው የሚተያየው በግምት ነበር።

እናቴ ጥልፍ ትጠልፍ ነበር። የጎባ ሙሽራ ቀሚሷ የእናቴን እጅ ካላየ ያገባች አይመስላትም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሰው ደረቱን አይቶ «የማን እጅ ነው?» ሲል የእሷ ስም ይጠራል። ለአባቴ የአለቃው ጸሐፊ መሆን ክብር ከሆነ፣ የእናቴ ክብር ይኸው ነበር። ዓይኗ ግን መድከም ጀመረ። ክር ለመሰካት እኔን ትጠራለች፤ ከዚያ ጨርቁን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ እየገመተች ትወጋለች። ውጭ ወጥታ እንዳትሠራ የጎባ ነፋስ ጣት ያደነዝዛል።

መላው የመጣልኝ ወንድሜን ፀጉሩን ላስቆርጥ በወሰድኩት ቀን ነው። የፀጉር አስተካካዩ ክፍል ከእኛ ቤት ይብስ የጨለመ ነበር። ነገር ግን ከበሩ ትይዩ የሰቀለው ትልቅ መስታወት የውጭውን ብርሃን ተቀብሎ ወንበሩ ላይ ይመልሰዋል። ወንድሜ ሲላጭ እኔ የማየው ያንን ብርሃን ነበር። በዚያው እግሬ ወደ ኦቦ አደም ሄድኩ።

ኦቦ አደም የመስጊዱን መስኮቶች የሠሩ አናጢ ናቸው። ብዙ ልጆች ነበሯቸው፤ ልጆቻቸውም ይበርዳቸዋል። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት የባሌን በግ ፀጉር ፈትዬ ሹራብ መሥራት ተምሬአለሁ። እሳቸው መስታወት ሊሠሩልኝ፣ እኔ ለልጆቹ ሹራብ ልሠራ ተስማማን።

«አናቱ ቅስት ይሁንልኝ» አልኳቸው።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ማዕዘን ያለው ምን አለው? መስታወት በቅስት መቁረጥ አበሳ ነው። ቢሰበርስ?»

«እንደ መስጊዱ መስኮት ማለቴ ነው። እሱን የሠሩት እርስዎ አይደሉ?»

ሳቁ። «ወላሂ፣ ይህቺ ልጅ በየት በኩል እንደምትገባ ታውቃለች» አሉና እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አነሡ።

ለምን ቅስት እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። ቤታችን ያለው ሁሉ ማዕዘን ነበር፤ አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ ሣጥኑ፣ አባቴም ጭምር። አንድ ለስለስ ያለ ነገር ፈልጌ ይሆናል። መስታወቱ ከአዲስ አበባ በሻሸመኔና በዶዶላ በኩል፣ በጭነት መኪና፣ የገብስ ጭድ ውስጥ ተቀብሮ መጣ። ክፈፉ ከሃረና ደን የመጣ ዝግባ ነበር። ተጠናቆ ሳየው አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝም።

አባቴ ሲያየው ደስ አለው። ችግሩ የመጣው የት ይሰቀል ሲባል ነው።

«የገባ ሰው እንዲያየው በሩ ፊት ለፊት ይሁን» አለ።

እዚያ ቦታ ግን የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። እሱን አንሥቶ መስታወት መስቀል ለአንድ ጸሐፊ የሚሞከር አይደለም። አባቴ ፎቶግራፉን አየ፣ መስታወቱን አየ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ «እንግዲያው የፈለጋችሁበት አድርጉት» ብሎ ወጣ። ያን ዕለት ጃንሆይ በእርግጥ ደረሱልኝ።

እኔና እናቴ ከመስኮቷ ትይዩ ካለው ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። መጀመሪያ ብርሃኑ ጣሪያው ላይ ወጣብን። ከላይ ገመዱን ለቀቅ አድርገን ወደ ፊት ዘንበል ስናደርገው ወርዶ የእናቴ ጭን ላይ አረፈ። መርፌዋን አነሣች፤ ክሩን በምራቋ አሾለች፤ እኔን ሳትጠራኝ ሰካችው።

«ጥሩዬ፣ ገባልኝ እኮ!» አለች። ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ነበር።

ገብሱ ሲያሸት አባቴ አለቃውን ከነባለቤታቸው ምሳ ጠራ። ለዋና ጸሐፊነት እሾማለሁ ብሎ ተስፋ ያደርግ ነበር፤ ስለዚህ ቤቱ ተገለበጠ። ዶሮው፣ ቅቤ የጠጣው የገብስ ጭኮ፣ የሃረና ማር፣ ምንም አልቀረም። የአለቃው ባለቤት ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ። ወፍራም፣ ሳቂታ ሴትዮ ናቸው፤ እናቴ የያዘችውም ጥልፍ የእሳቸው ቀሚስ ነበር። ገና እጃቸውን ሳይታጠቡ ዓይናቸው መስታወቱ ላይ አረፈ።

«ውይ! ይህ መስታወት እንዴት ያምራል!»

አባቴ ከመቀመጫው ተነሣ። «ለእኛ ምን ይሠራልናል! ለእርስዎ ነው እንጂ የሚገባ። ይውሰዱት እመቤቴ!»

ትልቅ ሰው ያደነቀውን ዕቃ ማስቀረት ነውር ነበር። ንፉግ ያሰኛል፤ ከሹም ሚስት ጋር ሲሆን ደግሞ ትዕቢት ይባላል። ወይዘሮ አስካለ «ኧረ በማርያም፣ አይሆንም! ቦታም የለኝ!» ብለው ደጋግመው እምቢ አሉ። ተቀባይም እንዲህ ማለት ወጉ ስለሆነ ማንም አላመናቸውም። አባቴ በገዛ እጁ አወረደው።

እናቴ የሞሰቡን ክዳን እንደያዘች ቆማ ነበር። ክዳኑን አስቀምጣ ቀረበችና መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ጠረገችው! አባቴ በእናቴ ጋቢ ጠቀለለውና ለአሽከራቸው አሸከመው። ጋቢውም በዚያው ቀረ።

እንግዶቹ እንደሄዱ ጮኽኩበት። «የእናቴን ዓይን ነው የሰጡት!»

«ዝም በይ! እንጀራችን በማን እጅ እንዳለ አታውቂም?»

«ሹራቡን ሠርቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ!»

በጥፊ መታኝ። ጥፊው ብዙም አላመመኝም፤ ያመመኝ እናቴ የምሳውን ዕቃ ማንሣት አለማቋረጧ ነው።

ከዚያ በኋላ እናቴ በሩን ከፍታ መድረኩ ላይ እየተቀመጠች መጥለፍ ጀመረች። ነፋሱ ጣቷን ያደነዝዘዋል፣ ጉሙ ጨርቁን ያረጥበዋል፤ ሥራውም ተጓተተ። የወይዘሮ አስካለ ቀሚስ ሲዘገይ ይቅርታ እንድጠይቅ ወደ ቤታቸው ተላክሁ።

ከበሩ ገባ እንዳልኩ ያለው ጠባብ መተላለፊያ ጨለማ ነበር። እዚያ ግድግዳ ላይ መስታወቴን አየሁት። ቅስቱ ላይ ሚስማር ደርድረውበታል። የአለቃው ካፖርትና ባርኔጣ ተሰቅሎበታል። ከካፖርቱ ጎን በቀረችው ቦታ ፊቴን አየሁት፤ እንዲህ ተቆጥቼ ራሴን አይቼ አላውቅም።

ወይዘሮ አስካለ ሲመጡ ስለ ቀሚሱ የተላክሁትን ረሳሁት። «እመቤቴ፣ እናቴ የምትሠራው በዚህ መስታወት ብርሃን ነበር። የእርስዎም ቀሚስ የዘገየው ለዚህ ነው። መስቀያ ከሆነ ይመልሱልን።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ከእኔ ይልቅ በተማረረ ሰው ድምፅ፣ «የኔ ልጅ፣ እኔ መቼ ስጡኝ አልኩ? ያምራል ነው ያልኩት! እምቢ ብል አባትሽ መች ሰማኝ? ቤቴ መስታወት ሞልቷል፤ የማስቀምጥበት ባጣ እዚህ ሰቀልኩት። መልሼ ብልከው ደግሞ ናቁኝ ይላል» አሉ። ካፖርቱን ራሳቸው አወረዱት። «ውሰጂው፣ በይ። እናትሽንም ይቅርታ በይልኝ።»

በጭቃው ውስጥ ተሸክሜው መጣሁ። እናቴ ሚስማሮቹን በጣቷ እየዳሰሰች «ይነቀላል፣ ምንም አይደል» አለች። ቦታው መልሰን ሰቅለነው ሳንጨርስ አባቴ ከሥራ ገባ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማን አመጣው?»

«ራሳቸው ውሰጂ አሉኝ። ቦታም የለኝ አሉ።»

«እንዲህ ማለት ወግ ነው! አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ልታዋርጂኝ ነው?» መስታወቱን ከግድግዳው ነቅሎ ትከሻው ላይ አደረገው። ውጭ ያካፋል። ወደ እናቴ ዞርኩ። አፏን ስትከፍት አይቼ ተስፋ አደረግሁ። አሁን ትናገራለች፣ ዓይኔ ነው ትላለች አልኩ።

«ካፖርትዎን ይልበሱ፣ ዝናብ ነው» አለችው።

ለብሶ ሄደ። ወይዘሮ አስካለም መልሰው ተቀበሉት፤ ምን ያድርጉ! የማይፈልጉትን ነገር ወዶ ከማይሰጠው ሰው እየተቀበሉ ፈገግ ማለት ነበረባቸው። አለቃው ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወሩ፤ ዋና ጸሐፊነቱን ሌላ ሰው አገኘው። እናቴም እኔ ሳላገባ ጥልፉን ተወችው። የእኔን የሰርግ ቀሚስ የጠለፈችልኝ ሌላ ሴት ናት። ቀሚሱን በዳበሳ መርምራ «ጥሩ እጅ ነው» አለችኝ።

እንግዲህ ባለፈው እሑድ የልጄ ጎረቤት መጣችባት። ዘሀራ የምትባል፣ ገበያ ላይ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት ናት። ከበሩ እንደገባች ቀጥ ብላ ቆመች።

«ማሻአላህ! እንዴት ያምራል ይሄ መስታወት!»

 ሳላስበው የወንበሩን መደገፊያ ጨብጬ ልጄን አየኋት።

«አመሰግናለሁ» አለች ልጄ። «ግቢ፣ ተቀመጪ።»

በቃ። ዘሀራም ተቀመጠች፤ ስለ ልጆቿ ትምህርት ቤት አወራች፤ ሻይዋን ጠጥታ ሄደች። ማንም አልተዋረደም፤ ሰማዩም ባለበት ነው። በአንዲት ቃል የሚያልቅ ነገር ነበር ማለት ነው? ያን ሁሉ ዓመት አባቴን ፍርሃቱ፣ ዘመኑ ነው እያልኩ አንዳንዴ ይቅር ልለው እሞክር ነበር። ቃሏን በጆሮዬ ስሰማ፣ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች ሳይ፣ ባሰብኝ።

ልጄ ብርጭቆዎቹን ስታነሣ ፊቴን አይታ ደነገጠች። «እማዬ፣ ምን ሆነሻል?»

«ምንም» አልኳት። «አባቴን እየተቆጣሁት ነው።»